የሚካኤል ዛፎች ግዝት

ጥር 7

ዛሬም ጦጣዎቹ አስቀየሙኝ። ቅዳሴው መሃል አንዷ ከጥዱ ዘላ ቆርቆሮው ላይ ዱብ! ዲያቆኑ ሳቁን ዋጠ። እኔ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ። ቤት ስገባ ደግሞ ሚስቴ ወርቂቱ፣ «ያንቱ ጦጣዎች ሽምብራዬን ፈጁት» አለች። የኔ መቼ ሆኑ? የሚካኤል ናቸው።

ከሰዓት ከትልቁ ጥድ ሥር ተቀመጥሁ። ከመካነ ሰላም ገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እዚሁ ነው የሚያርፈው። በመንገዱ ሌላ ጥላ የለም።

ጥር 15

ሰበካ ጉባኤ ተሰበሰበ። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቆሟል፣ ለጣሪያው እንጨት የለም። ሊቀመንበሩ ብዙነህ በመስኮት ወደ ደኑ አመለከተ።

ግዝቱስ? አልሁ። የሚካኤልን ዛፍ የነካ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተወገዘ ነው። አገሩ ሁሉ ተመልጦ ይህ ደን የቀረው ለዚህ ነው... ሰው ስለወደደው አይደለም፣ ስለፈራ ነው።

«መምሬ አራጌ፣ ዛፉም የሚካኤል፣ ቤቱም የሚካኤል። ካንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ ነው። ለጣሪያው ያህል ይፍቱልን፣ ሲያልቅ መልሰው ይገዝታሉ።»

ላስብበት አልሁ። ምኑን አስባለሁ? አዲሱን ቤት እኔም እፈልገዋለሁ። መቅደሱ ውስጥ ዝናብ ሲያንጠባጥብ ስንት ክረምት አሳለፍሁ።

የካቲት 3

ፈታሁት። መስቀል ይዤ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ «ለጣሪያው ያህል ብቻ» ብዬ። «ብቻ» ያልሁትን ጮክ አድርጌ ነው የተናገርሁት። የሰማኝ መኖሩን እንጃ።

የመጀመሪያው ጥድ ሲወድቅ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ፈገግ ብያለሁ መሰለኝ...

የካቲት 24

ጣሪያው አለቀ። መጥረቢያው አልቆመም።

ዛሬ ገበሬውን ዋለን ወይራ ሲጥል ደረስሁበት። ደህና ሰው ነው፣ ጾም የማይሽር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መምሬ፣ ተፈትቷል አይደል? ቀንበር ላወጣ ነው።»

«ለጣሪያ ነበር የተፈታው!»

«ብዙነህ ሲቆርጥ እጁ ደረቀ? አልደረቀ። እኔን ለይቶ ይቀስፈኛል?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች... ይህ ነው የኔ ነገር።

መጋቢት 19

ብዙ ቀን አልጻፍሁም። ምን ልጻፍ? ከሰል እያከሰሉ ነው። በአህያ እየጫኑ፣ በደጄ አልፈው፣ «እንዴት አደሩ መምሬ» ብለውኝ ወደ መካነ ሰላም ይወርዳሉ።

ሚያዝያ 11

ከቁልቁለቱ በታች የሚኖረው ጎረቤቴ አህመድ መጣ። ከጠበላችን የሚወርደው ምንጭ ነው ጓሮውን የሚያጠጣለት። በበጋ ሁልጊዜም ይቀጥናል። ዘንድሮ ግን ጭራሽ ደርቋል፣ እንዲህ ሆኖ እሱም እኔም አይተነው አናውቅም።

«ወላሂ መምሬ፣ እኛም ግዝታችሁን እንፈራ ነበር። ልጆቼን የሚካኤልን ቅጠል እንዳትነኩ እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። አሁን እናንተው ፈታችሁት። እኔ በምን ልከልክላቸው?»

ሲነሳ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ «አብሽሩ» አለኝ። ያደረቅሁት የሱን ውሃ፣ የሚያጽናናኝም እሱ! አፈርሁ። በጣም አፈርሁ።

ግንቦት 2

አዳም ገነትን እንዲጠብቅ ነበር የተሾመው። መጥረቢያ የሰጠው የለም። ስንት ጊዜ ሰበክሁት ይህን?

ግንቦት 28

ምድጃው ላይ ጥድ ይነዳል። ከጠረኑ አወቅሁት።

«ከየት አመጣሽው?»

«አገር ሁሉ ሲያመጣ እኔ ብቻ ኩበት ስለቅም ልኑር? የቄስ ሚስት ስለሆንሁ?»

ልቆጣት ነበር። በምን አፌ? እራቴን በላሁ።

ሰኔ 12

የሚካኤል ንግሥ። ቅዳሴው ጸጥ ብሎ አለቀ። ቆርቆሮው ላይ የዘለለ ጦጣ የለም። ጣሪያው አያፈስም፣ እውነት ነው። የትናንቱ ጎርፍ ግን አፈሩን ጠርጎ ቅጥሩ ውስጥ ከምሮታል። ታቦቱ በጉቶ መሃል፣ በጭቃ ዞረ። ሰዎቹ ከዝናቡ የሚጠለሉበት ጥድ ፈልገው ዞር ዞር ሲሉ አየኋቸው።

ታቦቱ ከመግባቱ በፊት ግዝቱን መለስሁ። የቀረው ጥቂት ነው... ቢሆንም። «የቆረጠ፣ ያስቆረጠ፣ አይቶ ዝም ያለ፣ በሚካኤል ገዝቻለሁ!» «ያስቆረጠ» ስል ራሴን አሰብሁ። ሕዝቡ አሜን አለ። ብዙነህ አሜን አለ። ዋለም ከፊት ቆሞ አሜን።

ጠበል ጻዲቁ ሳይነሳ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ መጥረቢያ ተሰማ። ማንም ዞር ብሎ አላየም፣ መብላታቸውን ቀጠሉ።

ቤት ገባሁ። ወርቂቱ ምሳ አቀረበች። የበሰለበትን እንጨት አውቀዋለሁ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ፣ እንጀራውን ግን መቁረስ አቃተኝ።

«አሞዎታል እንዴ?»

አላመመኝም። ፈርቼ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ግዝቱን የፈራሁት እኔ ብቻ ነኝ።