ጋሽ ከፈለኝ ትምባሆውን የተዉ ጊዜ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለእስክንድር፣
ድሬዳዋ።

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ሔርሜላ ወገቧን ያማት ነበር፣ ተሻላት ወይ? ኤሊ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ሃሌሉያስ ቆማ መሄድ ጀመረች ወይስ ገና በዳዴ ነች? እኔና ልጄ ህይወት እህል ይጥመናል፣ እንቅልፍ ይወስደናል፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ አልለቀን ብሎ ወደ ማንኪራ የሚወስደው መንገድ ጭቃው እስከ ጉልበት ሆኗል። ህይወት የዓመቱን ፈተና ጨርሳ ውጤቷን እየጠበቀች ነው። ያቺ ቀይ ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃው ወይፈን እንዲሆን ተመኝቼ ነበር፣ ጊደር ሆነችብኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ ገና አፌን ስከፍት «እሺ እትዬ፣ ገባኝ እትዬ» እያልክ ታቋርጠኛለህ፤ የቀረውን ደግሞ ኔትወርኩ ይበላዋል። ይህን ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንድትሰማኝ ፈለግሁ። መምህር ሰብሃት ለክረምት እረፍት ወደ አገሩ ወደ ድሬዳዋ ስለሚመጣ በእጁ ሰድጄልሃለሁ።

ጋሽ ከፈለኝ ትምባሆ ማዘጋጀቱን መተዋቸውን ታውቃለህ። እሳቸው ሲተዉ እኛ ምን እንደሆንን ግን አታውቅምና ልንገርህ።

ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለደረሰ እንደ ወትሮዬ ቅጠል ላመጣ ወደ ቤታቸው ወረድኩ። በጓሮ በኩል ስገባ የማድረቂያው ዳስ ባዶውን ቆሟል። ቅጠሉ የሚንጠለጠልበት አግዳሚ ሁሉ ወርዶ እንደ ማገዶ ከአጥሩ ጥግ ተከምሯል። በኮባ ጠቅልለው ያሹትን ቅጠል የሚጫኑባቸው እነዚያ ከባድ ድንጋዮች ጭቃው ላይ መረማመጃ ሆነዋል። የትምባሆው መደብ ተገልብጦ የቡና ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። «ምን ሆናችሁ?» ስላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «እሱ ራሱ ይነግርሻል» አሉኝ።

ጋሽ ከፈለኝ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሜ አገኙኝ። «ደከመኝ ልጄ። ጉልበቴም ከዳኝ። ከእንግዲህ በቃኝ» አሉኝ። አንተ ያኔ ሕፃን ስለነበርክ አታስታውሰውም እንጂ አባታችን በሞተ ጊዜ እጄን ይዘው ከቅጠሉ ክምር አጠገብ ያስቀመጡኝ፣ የቱ እንደበሰለ፣ የቱ ገና ጥሬ እንደሆነ አሽትቼ እንድለይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት አላምናቸው? ጉልበታቸውን ስሜ እያለቀስኩ ወጣሁ።

ማልቀሱ ደግሞ አልበቃኝም። ይህን ያህል ዘመን አብልተውን ያለ ምስጋና እንዴት ይቀመጣሉ ብዬ ደካ ወዳለው ወደ ሣህሌና ቢታ ገነት ወዳለው ወደ ሙሉብርሃን ላክሁ። ሁለቱም እንደ እኔ ትምባሆ ቀይጠው የሚሸጡ ናቸው፣ ከእሳቸውም ጥቂት ቅጠል እንደሚወስዱ አውቅ ነበር፤ በገበያ ተያይተን ሰላም ብንባባልም አንዳችን የሌላችንን ቅይጥ እየናቅን ነው የኖርነው። ሣህሌ አንድ ቅል ማር ይዞ መጣ፣ ሙሉብርሃን ጋቢ አመጣ፣ እኔ በግ አሳረድኩ። ጋቢውን አልብሰናቸው ተቀምጠን ስንበላ፣ ኮረሪማ እየጨመርኩ የማሸው እኔ ብቻ ነኝ እያለ ሲምልልን የኖረው ሙሉብርሃን ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው «ኮረሪማው ለስም ነው። ከሥሩ ያለው የጋሽ ከፈለኝ ቅጠል ነው» ብሎ አፈረጠው። ሣህሌም እየሳቀ፣ የጌሻ ደጋ ቅጠል ነው ብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ከዚሁ ጓሮ የወጣ መሆኑን ተናገረ። እኔም ተናገርኩ። ለሽማግሌዎች የማዘጋጀው ከባዱም፣ ለባልቴቶች የማለሰልሰውም፣ ለለቅሶ ቤት የሚወሰደውም ያለ እሳቸው ቅጠል አይቆምም። ስንፎካከር የኖርነው ሰዎች ለካ ሦስታችንም የምንበላው ከአንድ እጅ ነበር። ተሳሳቅን። ጋሽ ከፈለኝ ግን አንገታቸውን ደፉ። ትሕትናቸው መሰለኝ። ሳጎርሳቸው እጄን ገፋ አድርገው «ይብቃኝ ልጄ፣ ይብቃኝ» ሲሉኝ እንኳ አልነቃሁም።

የቀረኝን ቅጠል እየቆጠብኩ እስከ ፋሲካ አደረስኩት። ከዚያ ጉዱ መጣ። የጋሽ ከፈለኝ ቅጠል ጥቁርና እርጥብ፣ እሳት ቀስ አድርጎ የሚይዝ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ አቅፎ የሚያስኬደው እሱ ነው። እሱ ሲወጣ የእኔ ከባዱ ቅይጥ ምላስ የሚልጥ ሆነ፤ ለስላሳው ደግሞ የገለባ ሽታ አመጣ፣ የሚያጨሱበት የቅል ጋያ ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ ሳይስቡት ይጠፋል። የሙሉብርሃን ኮረሪማ ብቻውን ቀርቶ ሰዉ «ወጥ ነው ወይስ ትምባሆ?» እያለ ተሳለቀበት። የሣህሌ የደጋ ቅጠል የሚያረጋጋው አጥቶ እንደ ሣር ቦግ ብሎ ይነድዳል። አንድ ሰው ጓሮውን ዘጋና የሦስት ወረዳ ትምባሆ ጣዕሙ ጠፋ።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስን ታስታውሳቸዋለህ፣ ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ከእኔ ሌላ ከማንም ገዝተው የማያውቁት። አንድ ቅዳሜ የሸጥኩላቸውን ይዘው ተመለሱ። ሰው እንዳይሰማቸው ጎንበስ ብለው «ብርቄ፣ አሞሽ ነበር እንዴ? ይሄ የአንቺ እጅ አይደለም» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዬን ሳስተካክል ትምባሆውን ቀስ ብለው እጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ደካ ድረስ ሄጄ ከሣህሌ ጋር ቅጠል መረጥን፤ ቤቴ አምጥቼ እንደ ጋሽ ከፈለኝ በኮባ ጠቅልዬ ድንጋይ ጫንኩበት። ስከፍተው ሻግቷል። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ሻገተ። መምረጡንና መቀየጡን አስተምረውኛል፤ በኮባ ማብሰሉን ግን ለማንም አላሳዩም ነበር፣ እኔም እሳቸው እያሉ ምን ያደርግልኛል ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። በዚህ መካከል ሙሉብርሃን ገበያ መሃል መጥቶ «የቀረውን ቅጠል አንቺ ሸሽገሽዋል። እንደ ልጃቸው ነሽ፣ ላንቺ ሳይሰጡ አይቀሩም» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። አብረን በጉን በበላን በሦስተኛው ወር መሆኑ ነው። እኔም ያልሆነ ቃል መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈን ከረምን።

ለሰኔ ሚካኤል ቅዳሴው ካለቀ በኋላ እትዬ አስካለማርያም ክንዴን ይዘው ከሰው ለየት አደረጉኝ። «ይሄ ነገር አላስቀድሰኝ አለ» አሉ። «ከፈለኝ ደክሞት አይደለም የተወው። ወንድምሽ ነው ለምኖ ያስተወው።»

የትኛው ወንድሜ ልላቸው ነበር እኮ። ካንተ ሌላ ወንድም ያለኝ ይመስል።

ለመስቀል መጥተህ በማግስቱ «ጋሽ ከፈለኝን ጠይቄ ልምጣ» ብለህ የወጣህ ቀን ነው። እግራቸው ላይ ወድቀህ «እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፣ ሳሏን ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ ከቀጠለች ትሞትብኛለች። እኔን አትሰማኝም። እርስዎ ከተዉ ግን የምትቀይጠው አታገኝምና ሳትወድ ትተዋለች» ብለሃቸዋል። እምቢ ሲሉህ በአባታችን አጥንት አስምለሃቸዋል፤ እስከ ጥር የቆዩት የያዙትን ቅጠል እስኪጨርሱ ብቻ ነው። መደቡ ላይ ቡና ይተከል ያልከውም አንተ ነህ፣ ችግኙን እንዲሰጣቸው ከጓደኛህ ከሰላሐዲን ጋር የተነጋገርከውም አንተ። እኔ ቤት ተመልሰህ ምን አልከኝ? «ጋሽ ከፈለኝ ሰላም ብለውሻል» አልከኝ። ክትፎ በቆጮ አቀረብኩልህ፣ ጨምሪልኝ እያልክ በላህ። ያ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ጋሽ ከፈለኝ ቤት ሄድኩ። ገና ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። «አባትሽን በእጄ ቀብሬዋለሁ» አሉኝ። «ልጁ መጥቶ እህቴንም እንዳልቀብር እርዱኝ ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ እምቢ ትይኛለሽ።»

«እምቢ ማለት አልችልም ነበር?»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ማብሰሉን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው፤ በመሐላ ታስሬአለሁ አሉኝ። ካህን ይፍታዎት አልኳቸው። «የአባትሽን አጥንት ካህን ፈትቶልኝ በምን ዓይኔ ወንድምሽን አየዋለሁ?» አሉኝ። እኔን ግን በምን ዓይናቸው ሲያዩኝ እንደከረሙ አልጠየቅኋቸውም፤ ሽማግሌ ናቸው።

አሁን ደግሞ አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ካቻምና በስልክ «እትዬ፣ ጋያውን ተዪው» ያልከኝ ጊዜ መልስ አልሰጠሁህም ነበር። በማግስቱ ጋያዬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ማጨሱን ተውኩ። ያልነገርኩህ ስትመጣ በዓይንህ አይተህ ደስ እንዲልህ ብዬ ነው። ለመስቀል ቤቴ ስትሰነብት አንድ ጊዜ ጋያ አፌ ላይ አየህ? ቤቴ ውስጥስ ነበረ? ከጓዳ ሆኜ ሳስል ስትሰማ «ዛሬም ታጨሻለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? አንተ ከሄድክ በኋላ ኅዳር ላይ ራሴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመርምሬአለሁ። ቅጠል ስከትፍ የሚነሳው ብናኝና የጓዳዬ ጭስ ነው ብለውኝ አፌን በጨርቅ አስሬ መክተፍ ጀመርኩ፣ ለጓዳውም መስኮት አስወጣሁለት። ሳሉ እየተወኝ ነበር። አንተ ያልታመመች እህትህን ለማዳን ነው እንደ አባት የሆኑልንን ሽማግሌ ውሸታም ያደረግኸው።

የምሸጠው ነገር ለሰው ሳንባ ደግ ነው አልልህም። እሱን ይዘህ መጥተህ ፊት ለፊት ብትሞግተኝ እንጣላ ነበር፣ እጮህብህ ነበር፣ ምናልባትም ውዬ አድሬ እሺ እልህ ነበር። የጤና ትምህርት ልግባ ወይስ መምህር ልሁን ብለህ ስታመነታ ምን አልኩህ? የልብህ ምን ይላል ብዬ ነው የጠየቅሁህ። ሔርሜላን ልታገባ ስትል ዘመድ ሁሉ ሲያጉረመርም ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፣ አንተ መርጠሃታልና። እኔ አንድም ቀን ካንተ ጀርባ ሄጄ አንተን በሚመለከት ነገር ከማንም ጋር አልተማከርኩም። እንደ ሕፃን በር ተዘግቶብኝ ሲወሰንብኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ የዘጋውም በእቅፌ ያሳደግሁት ነው።

የሆነው እንግዲህ ይሄ ነው። ሣህሌ ትምባሆውን ትቶ ወደ ማሩ ዞሯል፤ እሱስ ድሮም ቀፎ ነበረው፣ ብዙም አልተጎዳ። ሙሉብርሃን እውነቱን ሲሰማ ቢታ ገነት ተነስቶ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ያለ አግባብ ለተናገርኩት ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁንም የማይሆን ነገር እየቀየጠ ይሸጣል፤ ቤተሰቡን ምን ያድርጋቸው? ሽማግሌዎቹ ከሱቅ ሲጋራ መግዛት ጀምረዋል፤ ሳንባ ላድን ስትል ይሄንም አስብበት። አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ሲጋራ አልነካም ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ምንም አይገዙም። እኔ በዚያው ቦታዬ ላይ ኮረሪማና ጥምዝ እሸጣለሁ። ገዢ አላጣሁም፤ ግን ኮረሪማ ከማንም ቢገዙት ያው ኮረሪማ ነው። የእኔ እጅ መሆኑን የሚለይ የለም። ጋሽ ከፈለኝ በገበያው ሲያልፉ ተነስቼ እጅ እነሳቸዋለሁ። ቤታቸው ግን አልገባም። እግሬ እምቢ ብሎኛል።

ለሔርሜላ በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ወገቧን እንዳትጎዳ ከባድ ነገር አታንሳ። ኤሊን ጉንጩን ሳምልኝ፣ አክስትህ የማንኪራ ማር አስቀምጣልሃለች በለው። ሃሌሉያን እቀፍልኝ፤ ስትስቅ ዓይኗ እንደ እናታችን ይጨፈናል ብለኸኝ ነበር፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ህይወት አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ የጻፍኩትን አላነበበችም፣ እንድታዝንብህም አልፈልግም። እትዬ አስካለማርያምም ተናገርኩበት ብለው ሲጨነቁ ስለከረሙ ደውለህ እንዳልተቀየምካቸው ንገራቸው።

ላንተ የመሰናበቻ ሰላምታዬን እዚህ አልጽፍም። ለመስቀል ና። ስትመጣ የማንንም ቤት ሳትረግጥ መጀመሪያ እኔ ቤት ግባ፣ ወንበር ስበህ ፊቴ ተቀመጥና «እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» ብለህ ጠይቀኝ። ጠይቀህም መልሴን እስክጨርስ ጠብቀኝ። ሰላም የምልህ ያን ጊዜ ነው።

እህትህ ብርቄ

ቦንጋ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.