በሁለቱ ስሞች መካከል

ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቶሮንቶ
አርብ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1999

ለሱፊያን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። እንደምን እንዳለህ ባውቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከትናንት ጀምሮ ስልክህ አይሠራም። ወደምትሠራበት ሆቴል ስደውል አንዲት ሴት በቴፕ በተቀዳ ድምፅ መስመሩ ለጊዜው አይገኝም ትለኛለች፤ እኔም እንደ ሞኝ «እባክሽ እህቴ» እላታለሁ። ደብዳቤ ማዕበል እንደማይቀድም አጥቼው አይደለም። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ግን ላብድ ነው።

እኛ ደህና ነን። ሉብና ማክሰኞ አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ የአምናው ጫማ ጠቧታል። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ልጆች ከሕንፃው ሥር ኳስ ይጫወታሉ። ይህ ራሱ ያስፈራኛል። አንተ ዘንድ ጣራ የሚነቅል ነፋስ እየመጣ እኔ ዘንድ እንዲህ ጸጥ ማለቱ።

ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት የአየር ትንበያው ሰውዬ ካርታው ፊት ቆሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ለማዕበል ተጠንቀቁ፣ በእነሱ ቋንቋ «ዎች»፣ የተባለውን የባሕር ዳርቻ ይናገር ነበር። ከኬፕ ፊር እስከ ኬፕ ሃተራስ አለ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ያንተን ከተማ አልጠራም። ደግሞ ሲናገር ጠበቅኩ፤ አሁንም አልጠራም። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሻሼን ፈታሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳዳመጥኩ አንተ አታጣውም። የኛ ጆሮ በቀይ ሽብር ጊዜ ደሴ ላይ የተረሸኑ ሰዎች ስም ሲነበብ የሰማ ጆሮ ነው። እናቴ ሬዲዮኑ ላይ ተደፍታ የወንድሜን ስም ስትጠብቅ፣ ንባቡ አልቆ ማርሹ ሲጀምር «አልተጠራም» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። እኛ ቤት ያልተጠራ ሰው ያን ቀን ተርፏል። ያው ጆሮ ነው ቶሮንቶ ድረስ የተከተለኝ።

ስለዚህ ማታ ደውለህ «እዚህ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ጣውላ እየመታ ነው፤ እናንተ ዘንድ ምን ይላሉ?» ስትለኝ፣ «ያንተ ከተማ አልተጠራም፤ እዚያው አርፈህ ቁጭ በል» አልኩህ። ከቦርከና ወንዝ የበለጠ ውሃ ሳላይ ያደግሁ ሴት ስለ ባሕር አስተማሪ ሆኜ! አንተም አመንከኝ። ምን ነበር ያን ቀን እንኳ እንደ ልማድህ ብትከራከረኝ?

ትናንት ሉብና ከላይብረሪ አትላስ ይዛ መጣች፤ አባቷ ያለበትን ልታሳየኝ። መጀመሪያ ኬፕ ፊርን ፈልጊልኝ አልኳት። አገኘችና ጣቷን አስቀመጠችበት። ሃተራስን ስታገኝ ደግሞ የእኔን ጣት ይዛ እዚያ ላይ አሳረፈችው። ከዚያ በሌላ እጇ ዳርቻውን ይዛ ወደ ላይ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ቆመች።

«ማሚ፣ ዳዲ ሚድል ላይ ነው» አለችኝ።

ለካ ሁለቱ ስሞች ጫፍና ጫፍ ናቸው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቷል ቢባል፣ መሀሉ ሐረጎ ላይ ያለ ሹፌር «የእኔ አልተጠራም» ብሎ ይነዳል? ከተማህ ያልተጠራችው ስለተረፈች አልነበረም፤ መሀሉ ላይ ስለሆነች ነው። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔን ግን ያልፈራሁት ደረሰብኝ።

በባዶ እግሬ ትርፌ ዘንድ ሮጥኩ፤ ጎረቤታችን ትርፌ፣ ያቺ ነገር አዋቂ። «ባሌን አልፈልገውም ስትዪ ከርመሽ ዛሬ ጫማ እንኳ ጠፋሽ?» አለችኝ። ፊቴን ስታይ ግን ቀልዱን ትታ አስቀመጠችኝ። እህቷ ፍሎሪዳ ስላለች ነገሩን ታውቀዋለች። «ዎች ሲሉ እኮ ማዕበሉ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው፤ መጣ ማለት አይደለም። ቆይ፣ ኮል እናድርግለት፤ ገና ይወጣል» አለችኝ። ስልኩን አንስታ ቁጥርህን ስትመታ ቴሌቪዥኑ ለዚያው ዳርቻ ዋርኒንግ አለ። ምንድን ነው ብላት ድምፁን ቀነሰችው፤ መጣ ማለት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ እመቤቴን ትለምናለች፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንድ ሶፋ ላይ ነው የምንውለው።

የሆቴል ክፍልህ ምድር ወለሉ ላይ ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ባሕሩ ይታየኛል ብለህ ለሉብና ስትጎርርላት ሰምቼ ቀንቼብህ ነበር። አሁን ያ መስኮት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሳህን ሳጥብ አየዋለሁ፤ ስሰግድ አየዋለሁ። አንተ ደግሞ ዋና አትችልም። ፈርቻለሁ ሱፊያን፤ ከሀገር ስንወጣ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ ያኔ አጠገቤ ነበርክ።

ለትርፌ ያልነገርኳት ነገር አለ። ረቡዕ የጠየቅከኝ ስለ ማዕበሉ ብቻ አልነበረም። ቀጥለህ «ሥራውን ትቼ በማታው አውቶቡስ ወደ እናንተ ልምጣ እንዴ?» አልከኝ። ከተማህ አልተጠራም ያልኩህ ያኔ ነው።

እዚህ ትሠራበት ከነበረው ፋብሪካ መውጣትህን ደብቀህ፣ እኔ በየጠዋቱ ምሳ ስቋጥርልህ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ስትወጣ መክረምህ አሁንም ያንገበግበኛል። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ግን የምቆጣው በማን ላይ ነው? ተቆጥቼም ቢሆን ማዶ ተቀምጠህ ልይህ። ሉብናም ለምን አይመጣም ስትለኝ፣ ሥራ ሄዷል የምለው ነገር አልቆብኛል።

አላህ ከነፋሱም ከውሃውም ይሰውርህ፤ ከፍ ያለ ቦታ፣ ደግ ሰው ያጋጥምህ። ይህን ወረቀት በደረቅ እጅህ ያዘው።

ረቡዕ የመለስኩልህ የቴሌቪዥኑን ወሬ ነው። የእኔን መልስ አልሰጠሁህም። ማዕበሉ አቅጣጫ ቀይሮ አንተን ሳይነካህ ቢያልፍም፣ ፀሐይ ቢወጣም፣ ሆቴሉ ተመለስ ቢልህም፣ ና።

ሚስትህ፣
ሰፊያ