ከባሮ ዳር ያመጣህልን ወሬ

ውድ ወንድይራድ፣

«ውድ» ያልኩህ ሌላ መጥሪያ ስላጣሁልህ ነው። ስልኬን አታነሳም። እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤትህ ድረስ መጥቼ አንኳኩቼ ተመልሻለሁ፤ መብራትህ በርቶ ነበር።

ጋምቤላ ሳለን አንተና ወንድሜ ኃይለልዑል እሑድ እሑድ ከድልድዩ በታች ባሮ ዳር ትውሉ ነበር። ከተማው ሙሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሥር ሲጋደም እናንተ ትል ቆፍራችሁ፣ መንጠቆ ጥላችሁ ትሳሳቃላችሁ። ለጨዋታ ነበር፤ የያዛችሁትን ዓሣ ላለፈ ላገደመው ትሰጡታላችሁ። እኔ ስመጣ «አንቺ ካለሽ ዓሣው ይሸሻል» ብላችሁ ታባርሩኛላችሁ።

ያን ክረምት ባሮ ሞልቶ ሳለ ብቻህን መጣህ። መንጠቆው የዛፍ ሥር ላይ ተጠልፎበት ሊያስለቅቅ ገባ፣ ተው ብለው እንቢ አለኝ አልከን። አስከሬኑን ከከተማው በታች አገኙት። ከዚያ ወዲህ የእማዬ ሐዘን ቁጣ ሆነ። ለአንዲት ቁራጭ ብረት ብሎ ጥሎኝ ሄደ እያለች ሙት ዓመቱን ስታወጣ እንኳ ትወቅሰዋለች።

አንተን ግን ወደደችህ። ከዓመታት በኋላ ለንደን ተገናኝተን አርችዌይ ቤታችን መመላለስ ስትጀምር የመጀመሪያዋን ጉርሻ የምትሰጠው ለአንተ ነበር። እኔም ወደድኩህ። ቀለበት አሰርክልኝ።

ባለፈው ሐምሌ ከሰፈርህ መጋዘኖች ጀርባ ካለው የውሃ ቦይ ዳር ዓሣ ልናጠምድ ወሰድከኝ። እዚህ አገር የተያዘው ዓሣ ተመልሶ እንደሚለቀቅ እያስረዳኸኝ ሳለ መንጠቆዬ አንድ ነገር ላይ ተጠለፈ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ወደ ውሃው ስሰድ ክንዴን ጨምድደህ ያዝከኝ። ፊትህ አመድ መስሏል።

«ተዪው! እሱም የኔን መንጠቆ ሊያስለቅቅ ነው የገባው።»

ክንዴን ለቀቅከው። ከዚያ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለህ ነገርከኝ። መንጠቆው አጎትህ ከአዲስ አበባ ያመጣልህ ነበር። አንተ ዋና አትችልም። ግባልኝ ብለህ ለመንከው፤ ገባልህ። ውሃው ሲወስደው ዳር ቆመህ አየህ።

ልጅ ነበርክ፣ ፈራህ። ያንን ይቅር ባልኩህ። ነገር ግን ጢም አብቅለህ፣ ለንደን ገብተህ፣ እናቴ ፊት ተቀምጠህ ሟች ልጇን ስትረግም እየሰማህ ከእጇ ጎርሰሃል። ለዚህ ምን ስም ላውጣለት?

አንተው ንገራት ብዬ ለመንኩህ። አሁን ምን ይጠቅማታል፣ ትታመምብሻለች አልክ። ኋላ ደግሞ እሑድ እመጣለሁ አልክ። ቡና ቤት የቀጠርከኝ ይመስል ቀረህ።

ትናንት ራሴ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ልጄን በከንቱ ስሰድበው ኖርኩ» አለች። ቀጥላም ቀና ብላ አየችኝና «ውሃው ሲወስደው ማንን ጠራ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም አልኳት። በዚህ ምድር ላይ ያን ድምፅ የሰማህ አንተ ብቻ ነህ።

ቀለበትህን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ይቅርታ ይዘህብኝ እንዳትመጣ፤ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም። እማዬ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። መጥተህ ማንን እንደጠራ ንገራት። ከዚያ በኋላ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ።

የኃይለልዑል እህት፣
ብሩክታዊት