ከድንበር የመጣው ነጭ ክር፦ የፕሮፌሰር ዱዋን ዌንሁዋይ የሕይወት ታሪክ

ፕሮፌሰር ዱዋን ዌንሁዋይ ከበቅሎ ነጋዴው ከአቶ ዱዋን ሺጓንግና ከወይዘሮ ያንግ ዱዎሜይ እ.ኤ.አ. በ1951 መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ ዳሊ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ከሌሎች ወጣቶች ጋር በመንግሥት ትእዛዝ ላኦስ ድንበር ላይ ወዳለው የጎማ እርሻ ተላኩ። እዚያም ከእኩያቸው ከልጃገረዷ ከዩ ሃንላ ቤተሰብ ጋር ኖረው የአካባቢውን የዳይ ሕዝብ ቋንቋ ተማሩ።

በ1978 ኩንሚንግ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የፖለቲካ ሳይንስ አጠኑ፤ በኋላም እዚያው አስተማሩ። የቻይናን የውጭ ፖሊሲ የሚያጠና ሁሉ ቤይጂንግን ሲያይ፣ እርሳቸው የድንበር ገበያ አዩ። በዋና ከተማ የተወሰነው ነገር ገበያው ላይ ሲደርስ መልኩ እንደሚለወጥ በመጻሕፍታቸው አሳይተዋል።

በ1982 ወይዘሮ ፌንግ ሩዪንን አግብተው ሴት ልጅ ወለዱ። እውነት ለመናገር፣ ወይዘሮ ሩዪን በድንበሩ ይቀኑ ነበር። «ጣውንት ብትሆን ፀጉሯን እነጭ ነበር፤ ድንበርን ምኑን ይዤ ልንጨው?» ይሉ ነበር። ይህ እንዲጻፍ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

በጋ በመጣ ቁጥር ፕሮፌሰሩ ወደ ድንበሩ ሄደው፣ ባላቸው ከሞተባቸው ከወይዘሮ ዩ ሃንላ ቤት ያርፋሉ። ሲመለሱ እጃቸው ላይ ነጭ የጥጥ ክር ታስሯል። ፕሮፌሰሩ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ወይዘሮ ሩዪን ደጃፍ ላይ በመቀስ ይቆርጡታል። «የአገሩ ልማድ ነው» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። ባለቤታቸው ከዚያ በላይ መስማት አልፈለጉም።

አምና ፕሮፌሰሩ በጉበት ሕመም ሲተኙ ወይዘሮ ዩ ሃንላ በባቡር መጥተው አልጋው አጠገብ ክር አወጡ።

«ደግሞ እዚህም ድረስ?» አሉ ወይዘሮ ሩዪን ፊታቸውን አጥቁረው።

«ላስቀረው መስሎሽ ነው እንዴ፣ እቴ? ነፍሱ እኛ ጋ ተንከራታ እንዳትቀር፣ ሚስቱ ቤት እንድትገባ ነው የማስርለት። እዚህ ሲደርስ ክሩ እጁ ላይ ይቆይ ነበር?»

 ወይዘሮ ሩዪን ክሩን ተቀበሏቸውና «ቋጠሮውን ግን እኔ ነኝ የማስረው» አሉ፤ አሰሩትም።

ፕሮፌሰር ዱዋን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሺያዎሄንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። የወይዘሮ ዩ ሃንላ ስም እዚህ ዝርዝር ውስጥ ይግባ አይግባ ብለን ስንከራከር ወይዘሮ ሩዪን «ጻፏት» አሉ፤ «ከእኔ በታች ግን።» ይኸው ጽፈናል፤ ወይዘሮ ዩ ሃንላ።

ፕሮፌሰሩ ክሩ እጃቸው ላይ እንዳለ ይሸኛሉ። ነፍሳቸው በሰላም ቤቷ ትግባ፤ ደጃፉ ላይ መቀስ ይዞ የሚጠብቃት የለም።