ደህና ነኝ ብለህ የተውከው መድኃኒት

ለምወድህ፣ ሞተህም መጠርጠር ለማትተው ባለቤቴ፣

ሙት ዓመትህ ካለፈ ወዲህ ይኸው ሌላ ክረምት ገባ። የዳባት ጭጋግ እንደ ድሮው ከደጃፍ አይጠፋም። ጣራውን አስጠግኛለሁ። ያን ቀይ በሬህን ሸጥኩት፤ አትቆጣ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ ለማንም አላርስ ብሎ አስቸገረ።

ይህን ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሳልህ እኔንም ያዘኝ። ደባርቅ ሄድኩ፤ ሐኪሙ ደረቴን አዳምጦ፣ ራጁን አይቶ፣ የሳንባ ምች ነው አለ። ያው ያንተ እንክብል ታዘዘልኝ፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫ። ሁለት መልክ ያለው ነገር አይታመንም እያልክ ወደ ብርሃን አንስተህ ስታገላብጠው ትዝ አለኝ። እኔም አገላበጥኩት። የፋርማሲዋንም ልጅ በዓይኔ አገላበጥኳት፤ ፈገግታዋ በዛብኝ።

ያኔ ነርሷ ደህና ብትሆንም ጨርሰው፣ ተሐዋሲው ሳንባህ ውስጥ አድፍጦ ይቀራል ስትልህ አብረን ሰምተናል። ትኩሳቱ ሲለቅህ ግን ፈላስፋ ሆንክ። መድኃኒት ለታመመ ነው፣ ጤነኛ ሲውጠው ሥራ ይፈታና ራሱ በሽታ ይፈልግለታል አልክ። የተረፈውን በጋቢህ ጫፍ ቋጥረህ ለጎረቤት አደልክ፣ ለአንዱ ለጉልበቱ፣ ለአንዷ ለወገቧ፣ ለዘርፌ ለጥርሷ። መንደሩ ቸርነትህን መረቀ። ሳሉ ብሶበት ሲመለስ ቋጠሮህ ባዶ ነበር። ደባርቅ ስናደርስህም ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለ።

አሁን ደግሞ እኔን ሊጠይቁ ይመጣሉ። አፋቸው ይማርሽ ይላል፣ ዓይናቸው ትራሴ ሥር ይፈትሻል። ባለፈው ዘርፌ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች፤ እግዜር ይመስገን ቀዝቅዟል አለች፤ ቀጥላ ጉንጯን ትይዝ ጀመር።

«እኅቴ፣ አንቺ እኮ ድነሻል። የቀረውን ለእኔ ብትይው ምን አለበት?»

ፈተናው ይኸው ነው። በእርግጥ ድኜ ነበር። ሳሉ የለም፣ ትኩሳቱ የለም፣ እህል ይጣፍጠኛል። አንተስ የሞትከው ልክ እንዲህ ከዳንክ በኋላ አይደል? እንክብሉን መጠርጠር ተውኩና ጤናዬን ጠረጠርኩት። መድኃኒቱ ሳያልቅ የመጣ ጤና፣ የሚያደባ ነገር አለው።

«ዘርፌ፣ ባሌ ያልጨረሰውን እየጨረስኩለት ነው» አልኳት።

እያየችኝ ዋጥኩ። ጥርስሽን አብረን ሄደን ለሐኪም እናሳየው ብላት አኩርፋ ወጣች። ኩርፊያዋ ይለፍ፣ ጥርሷ ግን መታየቱ አይቀርም፤ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ።

ዛሬ የመጨረሻዋን እንክብል ዋጥኳት። ቶሎ ትመጣለች ብለህ ከጠበቅከኝ ጠብቅ፣ አልቸኩልም። ረሳችኝ ብለህ ብቻ እንዳትጠረጥረኝ። ስምህን በቅዳሴ አስጠራለሁ፤ ተዝካርህን አላስታጉልም። ቸርነትህን ለሚያነሳብኝ ሰው ሁሉ ደግሞ፣ አዎ ቸር ነበር ብዬ፣ ምን እንደገደለህ ጨምሬ እነግረዋለሁ።

አጥርታ የምትተነፍሰው ሚስትህ