በሁለቱ ሳህኖች መካከል የጻፍኩልሽ

እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጡትሽ ላይ ያለው ሕመም እንዴት ይዞሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ይወርድልሻል? እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን፣ ሆስፒታል መሄድ ከተውሽ ሦስት ወር እንዳለፈሽ ባለቤትሽ ሰኞ ደውሎ ከነገረኝ ወዲህ ቦታው የለም። ወንድሜ መድኃኒቱን አግኝቶታል፣ እኔ ምን ያንገላታኛል ብለሻል አሉ። በስልክ ብነግርሽ በሳቅ ታልፊኛለሽ፤ ስለዚህ በጽሑፍ ያዢልኝ።

እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሰፍነግ ስለሚባለው የባሕር እንስሳ የጻፍኩልሽን ታስታውሻለሽ? ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ መሸሽም መንከስም ስለማይችል ጠላቱን በመርዝ ይከላከላል። ጠላቂያችን ከባሕር ሥር ያወጣዋል፤ እኔ ከትፌ በአልኮል እዘፈዝፈዋለሁ፤ ከዚያ ጭማቂውን የካንሰር ሕዋሳት ያሉበት ሳህን ላይ ጠብ አደርጋለሁ። በማግስቱ አንድ ሳይቀሩ ሞተው አገኘኋቸው። ፎቶውን የላኩልሽ ያን ዕለት ነው። ሥራችን ግን ሁለተኛ ሳህን አለው፤ ጭማቂው በጤነኛ ሰው ሕዋሳትም ላይ ይሞከራል። ያን ሳላይ፣ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ጻፍኩልሽ።

ሁለተኛውም ሳህን ሞቶ አደረ። ጠላቂው አይቶ፣ አንተ ልጅ ሌባውንም የቤቱን ጌታም ነው የጨረስከው አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ላንቺ ለመንገር ግን አፈርኩ፤ የተሻለ ነገር ይዤ እጽፍላታለሁ ስል ከረምኩ። አላገኘሁም። መጠኑን ስቀንሰው የታመሙትን ሕዋሳትም አይነካም። አለቃዬ፣ ቢሳካልን እንኳ በሽተኛ ዘንድ ለመድረስ አሥር ዓመት ይፈጃል ብላኛለች። አሥር ዓመት፣ እትዬ።

እብጠቱ ብብትሽ ድረስ መድረሱን ሰምቻለሁ። ሐኪሙ እንደ በፊቱ አይዞሽ ላይልሽ ይችላል። ቢሆንም ሂጂ። ያን ፎቶ ከአልጋሽ ራስጌ አውርጂና በቦታው የሆስፒታል ካርድሽን ስቀይው።

ባለቤትሽን ስለ ነገረኝ አመስግኚልኝ፤ አትቆጪው። ትልቋ ልጅሽ አብራሽ እንድትሄድ አደራ በያት። ትንሹን ሳሚልኝ፤ አጎቴ መድኃኒት ሠራ ብሎ ለክፍል ጓደኞቹ ያወራውን እኔው መጥቼ አስተባብልለታለሁ። ለእማዬ ምንም አትንገሪያት፣ ራሴ እነግራታለሁ። ለኔ መልስ አትጻፊ፤ የቀጠሮሽን ቀን ብቻ ላኪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከባሕሩ ዳር፣ ከቤተ ሙከራው
ጥር 19 ቀን