የአባባ ሱሪ ቁልፍ

ለእህቴ፦ ጤናሽ እንደ ምላስሽ የበረታ ይሁን!

ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቤታችን ውስጥ ክህደት ተፈጽሟል። ከሃዲው አባባ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ የቀነሰው ክብደት እንዳይመለስበት ሱሪዎቹን ሁሉ በገዛ እጁ አጥብቦ፣ ትርፉን ጨርቅ ቆርጦ እንደጣለ ታውቂያለሽ። «ሰፊ ሱሪ ሆድ ይጠራል» ብሎ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞቹ ፊት ሲፎክር ነበር። ጠዋት ጠዋት አብራችሁ ስትራመዱም ፉከራው ሠራ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግን የእግር ጉዞ ጫማው በር ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። እኔ እንሂድ ስለው «አንተ ታስቀኛለህ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ይለኛል። ሳልቀልድስ ለምን ያጥረዋል? ደረጃው መሃል ቆሞ ግድግዳ ሲደገፍ እኔ ምን ብዬ ነበር?

ትናንት የሱሪውን ቁልፍ ነቅሎ፣ ወገቡ እንዲሰፋለት ወደ ዳር ሲያዛውር ያዝኩት።

«ምነው አባባ?»

«ሲታጠብ ጠቦ ነው።»

«ሸሚዝህስ አብሮ አልታጠበም?»

«ዝም በል፣ አንተ ወሬኛ!»

ተናደድኩ! በሱም፣ ባንቺም! ስትደውዪ «ደህና ነህ ወይ?» አትበይው፤ ደህና ነኝ ማለት ለምዷል። ማለዳ ደውለሽ «ተነሥ፣ ጫማህን አድርግ» በይው። የኔን እንደ ቀልድ ነው የሚያየው፤ የሚሰማው ያንቺን ቁጣ ነው።

እኛ ደህና ነን፤ አንቺም ባለሽበት ሰላም ሁኚልን። ክህደት ያልኩት እንኳ በዝቷል፤ ቁልፏ የተዛወረችው አንዲት ጣት ያህል ነው። ግን ደውዪ።

የተቆጣው ወንድምሽ